ኮከቡን ማን መለሰው?

«ሃያ ናቸው፤ ቁጠራቸው» አለና ጓድ ከፋለ የወረቀቱን ክምር በጠረጴዛው ላይ ገፋው።

አዝመራው ጣቱን በምላሱ እያረጠበ ቆጠረ። ሃያ ነበሩ። በእያንዳንዱ ቅጽ ራስጌ ላይ «የፊልም ተመልካቾች አስተያየት» ተብሎ ተተይቧል፤ ከሥሩ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ከዚያም «ከፊልሙ ምን ተማሩ?» የሚል ጥያቄና እስከ ገጹ ግርጌ የሚወርድ ባዶ መስመር አለ። የላሊበላ ሰው በማናቸውም ነገር ላይ አስተያየት አጥቶ አያውቅም፤ ይህን ያህል መስመር ተሰምሮለት ሲጠየቅ ግን የመጀመሪያው ነው።

«በአንዱ ቅጽ ላይ» አለ ካድሬው፣ «ማታ በፊልሙ መሐል እግዚኦታውን የጀመረው ሰው ስም መኖር አለበት። ለምን እንደጀመረም በራሱ አንደበት ይጻፍ።»

«ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ነው የጀመረው፣ ጓድ።»

«ሕዝብ በአንድ ድምፅ የሚጀምረው መፈክር እንኳ የለም። መጀመሪያ አንድ ሰው አፉን ይከፍታል። አንተ የቀበሌው ጸሐፊ ነህ፤ ከፊት ለፊታቸው ነው የቆምከው፤ አላየሁም አትበለኝ።»

ጓድ ከፋለ ከደሴ የመጣ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበር። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኖቹ ይናገራሉ። ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና በመስኮቱ በኩል፣ ከግቢው መሐል የቆመችውን ላንድሮቨር አመለከተ።

«መኪናዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ወልድያ ትመለሳለች። ሾፌሩ፣ የፊልም ባለሙያው፣ እኔ። ከኋላ አንድ ባዶ ቦታ አለ።»

የቀረውን አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። አምና የሒሳብ አስተማሪው «ለጥቂት ማጣራት» ተብሎ በእንደዚህ ያለ ባዶ ቦታ ተሳፍሮ ሄዷል። ማጣራቱ እስከ ዛሬ አላለቀም።

«ስም ከጠፋስ?» አለ አዝመራው። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ደጋግሞ ያስተካክላል።

«ስም ከጠፋ የቀበሌው ጸሐፊ አድኃሪ ሸሽጓል ማለት ነው። ቦታው ባዶውን አይሄድም።» ካድሬው ዓይኑን በመዳፉ አሸ። «እኔን እኮ ነው የሚጠይቁኝ። ‘ሳይንስ ልታስተምር ሄደህ ምሕላ አስደርገህ መጣህ’ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ስም ስጠኝና እንገላገል።»

አዝመራው ቅጾቹን በብብቱ ይዞ ወጣ። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ስሙን ግን ፍለጋ መውጣት አያሻውም፤ ያውቀዋል። እግዚኦታውን የጀመረው አዝመራው ራሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሰባ ሦስት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ከወዳጅ አገር የተላከ ፊልም በመኪና ተጭኖ መጣ። በቀበሌው የእህል መጋዘን ግድግዳ ላይ አቡጀዴ ተወጠረ፤ ጀንበር ጥልቅ ስትል ሕዝቡ ከየቤቱ ተጠራርቶ፣ ለቅዳሜ ገበያ ቀድሞ የገባውም የገጠር ሰው ታክሎበት ግቢው ሞላ። ታሪኩ ለመናገር አጭር ነው። ጅራታም ኮከብ ከሰማይ ጥግ ተነሥቶ ምድርን ሊያደቅ ይመጣል። ነጭ ካፖርት የለበሱ ሊቃውንት ይመክራሉ፣ ይሠራሉ፤ በመጨረሻ መንኮራኩር ልከው መንገዱን ያስቱታል፤ ምድር ትድናለች። ቋንቋው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ከፊልሙ ጋር ሁለት ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ተልኳል። እሱን በድምፅ ማጉያ እንዲያነብ የተመረጠው አዝመራው ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ከመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እግር ሥር ዜማ የተማረ፣ አብዮቱ ሲመጣ ከዜማው ወጥቶ የቀበሌ ብዕር የጨበጠ፣ ድምፁ ገደል ለገደል የሚሰማ ሰው ነው።

የመጀመሪያውን ገጽ አሳምሮ አነበበ። «ኮከቡ እየቀረበ ነው። ለሰው ልጅ የቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው» ካለ በኋላ ገጹ አለቀ። ሁለተኛውን ለመግለጥ ሲታገል ጨለማው አላሳይ አለው። ቀና ብሎ አየ። አቡጀዴው ዳር እስከ ዳር እሳት ሆኗል፤ ነፋሱ ከአሸተን ተራራ ወርዶ ጨርቁን ወደፊት ሲነፋው እሳቱ ከግድግዳው ወጥቶ የሚመጣባቸው መሰለ። አንድ ሕፃን ጮኸ፤ ሴቶችም ተከትለው ጮኹ። አዝመራው የሚያነበው አልነበረውም፤ ድምፅ ማጉያው ግን ከአፉ አልወረደም። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ክፉ ቀን ሲያይ እንዲል የተማረውን ጉሮሮው በራሱ ጊዜ አወጣው።

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ግቢው በሙሉ ብድግ አለ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!» ወንዱ ነጠላውን እያጣፋ፣ ሴቱ መሬት እየሳመ፣ ሁሉም በየጣቱ አንጓ እየቆጠረ ቀጠለ፤ እንደ ደንቡ አርባ አንድ ጊዜ። ሊቃውንቱ አቡጀዴው ላይ ይሯሯጣሉ፤ የሚሰማቸው የለም። እንግዲህ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ሕዝቡ አርባ አንደኛውን ብሎ ጣቱን ሲዘጋ ኮከቡ ዞረ። ዞሮ ሄደ። እልልታው ተራራውን አናጋው፤ ሰው ተቃቅፎ ተላቀሰ። ጓድ ከፋለ በዚያን ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ በጄኔሬተሩ አጠገብ ሲጋራውን ያጨስ ነበር። ሞተሩ ጆሮውን ደፍኖት የጀመረውን ሰው አልሰማም። የሰማው የመጨረሻውን እልልታ ነው፤ በሳይንስ ድል የተደሰቱ መስሎትም አብሮ አጨብጭቦ ነበር። ነገሩን የነገረው የፊልም ባለሙያው ነው፤ እሱም ዓይኑ ከማሽኑ ላይ ስለነበር ማን እንደጀመረው አላየም።

አዝመራው መጀመሪያ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ይማርሽ ከደጃፉ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ሰፌዱን የምታሳርፈው ሆዷ ላይ ነው። ሁሉንም ነገራት። እሷ ግን ግማሹን አስቀድማ ታውቅ ነበር።

«ማታ ከአጠገቤ የነበሩት ‘እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ’ ሲሉ ነው ያመሹት» አለች። «በዚያ ሁሉ ጩኸት ያንተን ድምፅ የለየ የለም። እኔ ግን ለየሁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይሉ የለ?»

«በእጄ አልነበረም እኮ፣ ይማርሽ።»

«በእጅህ ነበረ እንጂ! ያ መለከት የመሰለ ነገር በማን እጅ ነበረ?» ሰፌዱን አስቀመጠች። መሳቅ ጀምራ በዚያው ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ወደው አይስቁ። «አሁን የፈሰሰውን ተወው። ስም ነው የሚፈልጉት?»

«ስም።»

«ስጣቸዋ! የሰው ስም ሞልቶ። ከይምርሐነ ክርስቶስ የመጣ መነኩሴ ነው፣ ሌሊቱን ሄደ በላቸው።»

«ፊርማ ይፈልጋሉ። ፊርማ ከሌለ እኔኑ ነው የሚወስዱኝ።»

ይማርሽ ወደ እሱ ተጠጋች። ከዚያ እጁን ይዛ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እንግዲያ የሚፈርም ፈልግ። ማንንም ጻፍ። እኔ ይህን ልጅ ያለ አባት አልወልድም፤ ሰማኸኝ? እግዜር ይቅር የሚለው ኃጢአት ብዙ ነው፣ አንዱን ጨምርበት። ራስህን ብቻ እንዳትጽፍ።»

ገበያው ሞቋል። ከሱፍና ተልባ ተራው ወይዘሮ ባንችይርጋ፣ ከጎኗም በርበሬና ጨው የምትሸጠው ጀውሀራ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ዐሥር ዓመት ጎን ለጎን ሲሸጡ ተስማምተው አያውቁም፤ ተለያይተውም አያውቁም። አዝመራው ድንጋይ ስቦ ተቀመጠና ቅጹን በጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ከፊልሙ ምን ተማራችሁ?»

«መቼም ጉድ ነው ያየሁት» አለች ባንችይርጋ። «እነዚያ ነጭ ለባሾች አንድ ቀን እህል ሲቀምሱ አይተሃል? አልቀመሱም። ውሃም አልጠጡ። አየህ፣ ሱባኤ ገብተው ነው። እነሱ በጾም፣ እኛ በጸሎት ያዝነውና ተመለሰ።»

«ያቺኛዋስ፣ ልጇን ጥላ የሄደችው?» አለች ጀውሀራ። «ልጁን ማን አጠባው? እሱን አላሳዩንም። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ከኛ ላይ ሲመልሱት ወዴት ሄደ? ያን የሚያህል እሳት እኮ ነው! ማን አገር ላይ ጣሉት? ይህን ጻፍና ጠይቅልኝ።»

አዝመራውም ሁለት ገጹን ደጋግሞ አንብቦታል፤ ኮከቡ ወዴት እንደሄደ የሚል አልነበረበትም። ብዕሩን አንሥቶ «ሳይንስ ጠቃሚ መሆኑን ተረድቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ለባንችይርጋም «ሳይንስ እጅግ ጠቃሚ መሆኑን ተረድቻለሁ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ እንደ ዋዛ አስመስሎ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ጠየቀ።

«እግዚኦታውን ማን እንደጀመረው የሰማችሁት ነገር አለ?»

ምነው ባልጠየቀ ኖሮ! ባንችይርጋ ደረቷን መታች።

«ማን ይጀምረዋል? እኔ ነኛ! ሕፃኑ ሲጮህ ቀድሜ ያልሁት እኔ ነኝ።»

«ቀጣፊ!» አለች ጀውሀራ። «እኔ ያረቢ ብዬ የጮህሁት ካንቺ በፊት ነው። ወላሂ ከሁላችሁም በፊት ነው። የኔን ሰምተሽ ነው የተነሣሽው።»

«ባንቺ ያረቢ የዞረ አስመሰልሽው!»

«አርባ አንዱን ማን ቆጠረና? ከሃያ በኋላ ጠፍቶብሽ የኔን ጣት ስታዪ አልነበረም?»

ጭቅጭቁን የሰማው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ «እኔ ነኝ» ሲል ሌላው «አንተማ ተኝተህ ነበር፣ እኔ ነኝ የቀሰቀስሁህ» ይለዋል። አንድ ቄስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከካህን በፊት ምእመን እግዚኦታ ሊጀምር ሥርዓቱ አይፈቅድም፣ ስለዚህ የጀመርሁት እኔ ነኝ ብሎ ሞገተ። ማንም ስለ መኪናዋ ባዶ ቦታ አያውቅም። ምድር ከጥፋት የዳነችበት ጸሎት ላይ ስሙ ሊጻፍለት የማይሽቀዳደም የት ይገኛል? አዝመራው ግን አንዱ ጮክ ብሎ በተናገረ ቁጥር ወደ ቀበሌው ግቢ ዞር እያለ ያያል፤ አንድ ጊዜ ካድሬው ብቅ ቢል ገበያው በሞላ አንገቱን ለካራ አቀብሏል። «ዝም በሉ» ቢላቸው ለምን ይሉታል። ምክንያቱን ቢነግራቸው ‘ታዲያ ማን ነው?’ ብለው ይጠይቃሉ። እንዳልሰማ ሆኖ «ሳይንስ ጠቃሚ ነው» የሚለውን ቃሉን እየለዋወጠ ዐሥራ ስምንት ቅጽ ሞላና ተነሣ።

ሁለት ቅጽ ቀረው። እግሩ ሳያስበው ወደ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ቤት ወሰደው።

መሪጌታ ከጎጇቸው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። ጉልበታቸውን ስሞ መሬት ተቀመጠ። ገና ምንም ሳይል እጃቸውን አነሡ።

«እኔ አልነበርሁም» አሉ። «ሆዴን አሞኝ ተኝቼ ነበር። ከጠየቁህ እንዲያ በላቸው።»

«የኔታ፣ ከፊት ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አይቼዎታለሁ።»

«አላየኸኝም። እኔም አልሰማሁህም።» ቀጥለው በሹክሹክታ ተናገሩ። «አርባ ዓመት ሙሉ ጉሮሮ ስቀርጽ ኖሬ ያንተን ጉሮሮ ላጣው ነው? ገና ‘እግ’ ስትል ነው ያወቅሁህ። ግን አላወቅሁም። በስድሳ ዘጠኝ ሦስት ወር አስረውኝ የወጣሁትን አንተ ታውቃለህ፤ ከዚያ ቤት ዳግም ብገባ አልወጣም። ጉልበቱ የለኝም፣ ልጄ። ተማርሁ ብዬ፣ አስተማርሁ ብዬ ልዋሽህ አልችልም፤ እፈራለሁ።»

አዝመራው ቅጾቹን ሰበሰበ። የመጣው ምን ፈልጎ እንደሆነ አሁን ገባው፤ እሳቸው ‘እኔን ጻፍ፣ ሸምግያለሁ’ እንዲሉት ፈልጎ ነበር። በዚህ ፊቱ ጋለ።

«ልሂድ፣ የኔታ።»

«ቆይ» አሉት። ሊሉት የፈለጉት የከበዳቸው ይመስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትላንት አገባብህ ትክክል ነበር። ዜማውን አላጠፋኸውም።»

በዐሥራ አምስት ዓመት ትምህርት ከእሳቸው አፍ አንድ የምስጋና ቃል ሰምቶ አያውቅም። ይህ ቃል ሲመኘው የኖረ ነበር፤ አሁን ግን የሚያስቀምጥበት ልብ አልነበረውም። ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ያዘ። ሰባት ሰዓት አልፏል።

«አንተ ጸሐፊ! ቆየኝማ!»

ዞረ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ዳገቱን ሲከተሉት አየ። አያ ጋሻዬ ናቸው፤ ከይምርሐነ ክርስቶስ በታች ካለች መንደር በየቅዳሜው ለገበያ የሚመጡ ገበሬ። ዓርብ ማታ ከዘመድ ቤት አድረው ፊልሙን አይተዋል።

«ያ የያዝኸው ወረቀት ወደ ላይ ይሄዳል አሉ» አሉት ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «እውነት ነው?»

«ይሄዳል።»

«እስከየት?»

«ወልድያ። ከዚያ ደሴ። ምናልባትም አዲስ አበባ።»

«እንግዲያማ የኔን ስም ጻፍ። እግዚኦታውን የጀመርሁት እኔ ነኝ።»

አዝመራው ከገበያ የሸሸው ነገር በእግሩ ተከትሎት መጥቷል፤ ያውም ማንም በሌለበት ዳገት ላይ።

«አንቱ የት ነበሩ?»

«ከወደ ኋላ፣ ከግንቡ ሥር። ምን ይሁን? ድምፄ ደርሷል።»

«አያ ጋሻዬ፣ ያ እኮ ፊልም ነው። ሌላ አገር ተሠርቶ ያለቀ ነው። ብንጮህም ባንጮህም ኮከቡ መዞሩ አይቀርም ነበር።»

«ልጄ፣ አታሞኘኝ። ሥዕል መሆኑ የጠፋኝ መሰለህ? ሥዕል ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ የለም ወይ! ግን ሲመጣብን አይተሃል። አርባ ላይ ዞረ? አልዞረም። አርባ አንድ ብዬ ጣቴን ስዘጋ ዞረ። ዓይኔ ነው ያየው።»

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙት።

«በስድሳ አምስት፣ ዝናቡ እምቢ ያለ ጊዜ፣ እኛ አገር ድንጋይ ተሸክመን እግዚኦ ስንል ከረምን። ታቦት አውጥተን አልን። በየቀኑ አርባ አንድ አልን። አንዲት ደመና አልተመለሰችም። ሦስት ልጅ ቀበርሁ። ትልቋ፣ አልጣሽ፣ መነሣት ሲያቅታት ተኝታ ትቆጥርልኝ ነበር፤ ጣቷን እያጠፈች። ከዚያ ወዲህ አፌ እግዚኦ ይላል፣ ልቤ ግን ‘ማን ሰምቶህ’ ይለዋል። ስምንት ዓመት እንዲያ ነው የኖርሁ።» ቀና ብለው አዩት፤ ዓይናቸው ያበራል። «ትላንት ተሰማሁ። አንድ ጊዜ ተሰማሁ፣ ልጄ። እሱን ጻፍልኝ። እኔ ነኝ የጀመርሁት በልና ጻፍልኝ።»

አዝመራው እውነቱን ቢነግራቸው ከስምንት ዓመት በኋላ ያገኙትን ይነጥቃቸዋል። ባይነግራቸው ደግሞ… ይማርሽ ‘የሚፈርም ፈልግ’ ብላዋለች። ይኸው መጥቶ ፈርሜ ካልሄድሁ ይላል። እጁ ብቻውን ከኪሱ ውስጥ የማኅተም ቀለሙን አወጣ።

በቀበሌ አሠራር ገበሬ አስቀድሞ ጣቱን ያትማል፣ ጸሐፊው በኋላ ይሞላል፤ ሰው መንገደኛ ነው፣ ቀለሙም ይደርቃል። አዝመራው በአንደኛው ቅጽ ላይ «ስም፦ ጋሻዬ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ዘረጋላቸው። አያ ጋሻዬ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ባዶው መስመር ሥር ተጫኑ።

«በደንብ አድርገህ ጻፈው እሺ። ‘ማንም አልቀደመውም’ በልበት።»

«እሺ፣ አባቴ።»

«ስሜ ከላስታ ወጥቶ አያውቅም» አሉ እየሳቁ። መርቀውት፣ ቀለም የነካውን ጣታቸውን እንዳይጠረግ ከልብሳቸው አርቀው እንደያዙ ዳገቱን ወረዱ። አዝመራው እፎይ አለ፤ እፎይ በማለቱም ራሱን ጠላ።

ጽሕፈት ቤቱ ሲደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሾፌሩ የመኪናዋን ጎማ እየረገጠ ይፈትሻል። ጓድ ከፋለ ዐሥራ ስምንቱን ቅጽ ተቀብሎ አገላበጠ።

«ሁሉም ሳይንስ ጠቃሚ ነው ይላሉ።»

«ገብቷቸዋል፣ ጓድ።»

ካድሬው ሊስቅ ቃጥቶት ተወው። የቀሩትን ሁለቱን ሳብ አደረገ። አንዱ ባዶ ነው። በሌላው ላይ ስምና ሐምራዊ የጣት አሻራ አለ፤ መስመሩ ግን ባዶ ነው። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። ከግቢው በር ማዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ አያ ጋሻዬ ቆመው፣ ጣታቸውን ለአንድ መንገደኛ እያሳዩ የሆነ ነገር ያወራሉ።

«እኒህ ናቸው?» አለ።

አዝመራው ወደ መስኮቱ አልዞረም።

«ሽማግሌ ናቸው» አለ ካድሬው፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። «ለሽማግሌ ብዙም አይጨክኑ ይሆናል። አትመዋል፤ በቃ። ሙላውና እንሂድ። አንተ ልጅ የምትጠብቅ ሰው ነህ ሲሉ ሰምቻለሁ።» ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ጨካኝ ድምፅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «አንድ መስመር ናት። ጻፋት።»

አዝመራው ብዕሩን ተቀበለ። አያ ጋሻዬ ከዚያች መኪና ጀርባ ተቀምጠው ታዩት፤ ወልድያ እስኪደርሱ ድረስ ሾፌሩን ስለ አርባ አንዱ ሲያጫውቱት። የሚወስዷቸው ስማቸውን ሊያከብሩላቸው ይመስላቸዋል። ከዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ‘ለምን ጀመርህ?’ ብሎ ሲጮህባቸው፣ ትላንት የተሰማላቸው ያ አንድ ጸሎት በደል እንደነበረ ይነገራቸዋል። አዝመራው ሌላውን ሁሉ ሊችለው ይችላል፤ ይህን ግን አልቻለውም። ይማርሽ ትዝ አለችው። እጁን ይዛ ያለችው ቃል በቃል ጆሮው ውስጥ ነበር፤ እሷን የሚያህል ሰው በድሎ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቀን ይኑረው አይኑረው አያውቅም።

በአያ ጋሻዬ ቅጽ ላይ ጻፈ። ጓድ ከፋለ አንገቱን አስግጎ አነበበ።

«‘በዓይኔ አይቻለሁ። ኮከቡ ተመልሷል።’ ይሄ ምንድን ነው?»

«አስተያየታቸው ነው። ደሴ ይድረስላቸው።»

«እግዚኦታውስ? የሚያስፈልገኝ እሱ ነው። አዝመራው፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

አዝመራው የመጨረሻውን ባዶ ቅጽ ወደ ራሱ ሳበው። ስም ከሚለው ፊት ለፊት የራሱን ስም ጻፈ። ዕድሜ ሠላሳ አንድ፤ ሥራ፣ የቀበሌ ጸሐፊ። ካድሬው «ምን እየሠራህ ነው?» አለው፤ ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ «ተው» አለው። አዝመራው ቀና አላለም። ጥርት ባለው የእጅ ጽሕፈቱ፣ ፊደሎቹን ሳያጣድፍ፣ ባዶው መስመር ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«እግዚኦታውን የጀመርሁት እኔ ነኝ። ማንም አልቀደመኝም።»